የሰፈር ቡድን የልምምድ ጫናን በደብተር እንዴት መለካት ይቻላል?

አንድ ዓመት ክረምቱን ሙሉ ኳስ ሳንነካ ከረምን። መስከረም ሲጠባ በአንድ ሳምንት ሦስት ቀን የጎንደሩን የጎሃ ዳገት ሽቅብ ሮጥን። አሰልጣኛችን "ካላስመለሳችሁ ልምምድ አይባልም" ባይ ነበር። በመጀመሪያው ጨዋታ ሦስት ልጆች የኋላ ጭናቸውን ይዘው እያነከሱ ወጡ። ዳገቱ ምንም አላጠፋም። ጥፋቱ ከተኛንበት ተነስተን ሁሉንም ባንዴ መጫናችን ነው።

ጫናን ለመለካት ውድ ዕቃ አያስፈልግም፤ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል።

ልምምዱ ካለቀ ከ30 ደቂቃ በኋላ እያንዳንዱን ተጫዋች "ዛሬ ከ10 ስንት ከበደህ?" በሉት። 0 ዕረፍት ነው፤ 10 ደግሞ ነፍስ ልትወጣ ስትል ነው። ለብቻው ጠይቁት። ጓደኞቹ ፊት ደከመኝ የሚል የለም፣ ሁሉም ጀግና ነው። ወዲያው ከጠየቃችሁት ደግሞ የመጨረሻዋን ሩጫ ብቻ አስቦ ይመልሳል።

ቁጥሩን በደቂቃው አባዙት። 60 ደቂቃ ሠርቶ 7 ካለ የዕለቱ ጫናው 420 ነው። 90 ደቂቃ ቀለል ያለ ቅብብል ሠርቶ 3 ካለ ግን 270። የረዘመ ሁሉ አይከብድም ማለት ነው። ጨዋታውንም በዚሁ መንገድ መዝግቡ፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል።

እሁድ የሳምንቱን ደምሩና ካለፉት 4 ሳምንታት አማካይ ጋር አስተያዩት። አማካዩ 1,200 ሆኖ የዚህ ሳምንቱ 1,900 ከሆነ ቆም በሉ፤ አንድ ጊዜ ተኩል አልፏል። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ልክ የአማካዩ ከ0.8 እስከ 1.3 እጥፍ ነው። ባለሙያዎች ይከራከሩበታል፤ እኔም ሕግ አላደርገውም፣ ቢጫ ካርድ ነው። ጫናውን በጣም መቀነስም አይበጅም፤ ሰውነት ካልተፈተነ አይጠነክርም።

ከጨዋታ በኋላ ጡንቻ እስኪያገግም ከ48 እስከ 72 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። እሁድ ከተጫወታችሁ ሰኞ ዕረፍት ይሁን፣ ማክሰኞ ቀላል፣ ከባዱን ለረቡዕና ለሐሙስ አቆዩት። ዓርብ ቀንሱ። ቅዳሜ አጭርና ፈጣን ነገር ይበቃል። ተቀያሪ ወንበር ላይ የዋለው ልጅ ግን ሰኞ ይሥራ፤ እሱ ምን ደከመና!

ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። ከቆላው ከመተማ የመጣ ልጅ ለተመሳሳይ ሩጫ የከበደ ቁጥር ቢሰጣችሁ ሰነፍ አትበሉት፤ አየሩን እስኪለምድ ነው። በጾም ወቅት ደግሞ ከባዱን ልምምድ ወደ መፍቻው ሰዓት አስጠጉት። ወዲያው እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር ከበላ፣ በሶም ከጠጣ የተሟጠጠው ጉልበት ቶሎ ይተካል። ውሃውንም አትርሱ።

ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ሁላችንም ያወራነው ስለ ጎሎቹ ነበር። ረጅም ሊግ ግን ጤነኛ ተጫዋች በየሳምንቱ ማሰለፍም ይጠይቃል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሁልጊዜ 5 የሚል ልጅ በዚያው ልምምድ 8 ካለ እንቅልፉን ጠይቁት። ሌሊቱን ባጃጅ ሲነዳ አድሮ ይሆናል። ያ በደብተራችሁ ባይገባም ጫና ነው። በዚያ ቀን አታሩጡት፤ ደብተሩን አስይዙት።