«እዚህ ምን ሙቀት አለ?»፦ የግቢ ውሻ በበጋ ሲቸገር፣ ችግርና መፍትሄ

የምኖረው ከለገጣፎ ወጣ ባለ ሰፈር ነው። ስለ ውሻና ሙቀት ባነሳሁ ቁጥር የማገኘው መልስ አንድ ነው፦ «አዲስ አበባ ደግሞ ምን ሙቀት አለ?» ልክ ናቸው፤ በጣም በሚሞቁት ወራት እንኳን የቀኑ ሙቀት በአብዛኛው ከ25 ዲግሪ ብዙም አይርቅም። ያ ቁጥር ግን ጥላ ውስጥ የተለካ አየር ነው። የእኛ ውሻ የታሰረው በር ላይ ነው። ከጎኑ የቆርቆሮ አጥር፣ ከሥሩ ሲሚንቶ፣ ከላዩ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚያቃጥል ፀሐይ አለ። የፈረንጅ መመሪያ ስለ ሰኔና ሐምሌ ያስጠነቅቃል፤ ያኔ እኛ ጋ ዝናብና ብርድ ነው። የእኛ ውሻ የሚሰቃየው ከየካቲት እስከ ግንቦት ነው።

«ማለክለኩን አላቆም አለ፣ ድዱም ቀልቷል»

ውሻ እንደ ሰው በገላው አያልበውም። የሚያልበው እግሩ ሥር ብቻ ነው፣ እሱም ከቁጥር አይገባም። ሙቀቱን የሚያስወጣው የምላሱንና የአፉን እርጥበት እያተነነ ስለሆነ ማለክለክ በራሱ አያስደነግጥም። ጥላ ገብቶ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ አሥር ደቂቃ ቆይቶም ካልበረደለት፣ ለሃጩ ወፍሮ ከተዝረከረከ፣ ካስታወከ ወይም የኋላ እግሩ ከከዳው ግን ፀሐይ መትቶታል። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከ41 ሲያልፍ ኩላሊትና ጉበቱ መጎዳት ይጀምራሉ። አፍንጫው የተደፈጠጠ፣ የወፈረ፣ ያረጀና ፀጉሩ የበዛ ውሻ ቀድሞ ይወድቃል።

መጀመሪያ አቀዝቅዙት፣ ከዚያ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ቅደም ተከተሉ አይገልበጥ፤ ውሻው መኪና እየተፈለገለት የሚሞትበት ጊዜ አለ። ጥላ ውስጥ አስገቡትና አንገቱን፣ ሆዱን፣ ብብቱንና በጭኖቹ መሀል ያለውን ቦታ በውሃ አርሱት። ፀጉሩን በእጃችሁ እየከፈታችሁ ውሃው ቆዳው ድረስ ይግባ። አንድ ሰው ደግሞ በካርቶን ያራግብለት፤ ውሃው ብቻውን ከሚያደርገው ይልቅ ውሃና ንፋስ አንድ ላይ ይሻላሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋት ነገር አለች፦ ፀሐይ ላይ የዋለ ሮቶ መጀመሪያ የሚለቀው ውሃ ሻይ ያፈላል። መሬት ላይ ትንሽ ፈሶ ሲቀዘቅዝ ነው ወደ ውሻው የሚዞረው። በረዶ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ አትሩጡ። እርጥብ ፎጣ አልብሳችሁም አትተዉት፤ ፎጣው ወዲያው ይሞቅና ሙቀቱን አፍኖ ይይዝበታል።

ራሱ ከጠጣ ይጠጣ። በግድ አፉ ውስጥ አትጋቱት፣ ወደ ሳንባው ይገባል። ቴርሞሜትር ካላችሁ በፊንጢጣ ለክታችሁ 39.5 ሲደርስ ማርጠቡን አቁሙ፤ ከሌላችሁ ማለክለኩ ረገብ ሲል። ፓራሲታሞልም ሆነ ዲክሎፌናክ እንዳትሰጡት። ይህ በመድኃኒት የሚወርድ ትኩሳት አይደለም፣ የሰው ማስታገሻ ደግሞ ለውሻ መርዝ ሊሆን ይችላል። ተነስቶ ጭራውን ቢቆላም ለሐኪም አሳዩት፤ የውስጥ ጉዳቱ በማግሥቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ሊወጣ ይችላል።

«ለሃጩ ይዝረከረካል፣ ይንገዳገዳል፤ አብዶ ይሆን?»

የዛሬ ሦስት ዓመት መጋቢት ላይ ከሥራ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ስመለስ ውሻችን ነብሮ በጎኑ ተዘርሯል። ሰንሰለቱ ባሕር ዛፍ ምሰሶው ላይ ተጠምጥሞ ከጥላውም ከውሃውም አግዶታል። ጎረቤቴ እማማ ከአጥሩ ማዶ «ልጄ፣ እንዳትነካው! አብዷል!» ይላሉ። አልፈርድባቸውም፣ ከሩቅ ሲታይ ይመሳሰላል። ያዳነው ጠዋት ደህና በልቶ መዋሉንና የክትባት ካርዱ ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን ማወቄ ነው። እሱን ለማቀዝቀዝ ሁለት ጀሪካን ውሃ አለቀ።

መለያው ጊዜው ነው። ፀሐይ የመታው ውሻ ጠዋት ደህና ነበር፣ የወደቀውም በሰዓታት ውስጥ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ግን ቀናት እየወሰደ ይመጣል፦ ጠባዩ ይለወጣል፣ ይደበቃል ወይም ያገኘውን ይነክሳል፣ ድምፁ ይሻክራል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ መንጋጋው ይወድቃል። ክትባት የሌለው ከሆነ፣ ወይም በቅርብ ወራት ከመንገድ ውሻ ጋር ከተናከሰ፣ ለመለየት ብላችሁ አትቅረቡት። በሩን ዝጉ፣ ልጆችን አርቁ፣ ለአካባቢው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ደውሉ። ክትባት ያለውንም ቢሆን ከኋላው ሆናችሁ አርጥቡት፣ እጃችሁ ወደ አፉ አይሂድ። የነከሰው ሰው ካለ ቁስሉ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይታጠብ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጠበል የሚሄድም ይሂድ፣ ክትባቱን ግን አያስቀርም፤ ምልክቱ ሰው ላይ አንዴ ከታየ መድኃኒት የለውም።

«ቤት ሠርቼለት አይገባም፤ ውሃ አስቀምጬለት ይጠማዋል»

የማይገባው ቤቱ ምጣድ ስለሆነ ነው። አራት ቆርቆሮ ግድግዳና አንድ ቆርቆሮ ጣሪያ ቀትር ላይ ምን እንደሚሆን እጃችሁን አስገብታችሁ ሞክሩት። ጣሪያው ላይ ሣር ወይም አሮጌ ጆንያ ደርቡበት፣ ከመሬት በድንጋይ ከፍ አድርጉት፣ ከኋላው ለንፋስ የሚሆን ቀዳዳ ክፈቱለት። ጥላውን ደግሞ ጠዋት አይታችሁ አትመኑት። ጠዋት ሦስት ሰዓት ጥላ የነበረው ቦታ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፀሐይ ይሆናል፤ አንድ እሑድ ተቀምጣችሁ ተከታተሉት።

ውሃውን በተመለከተ 25 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በቀን አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ይፈልጋል፣ ሲሞቅ ከዚያም ይበልጣል። ቀላሏን የፕላስቲክ ሳህን በሰንሰለቱ ይገለብጣትና ቀኑን ሙሉ ደረቅ ይውላል። ከባድ የሸክላ ዕቃ ወይም ግማሹ መሬት ውስጥ የተቀበረ ባልዲ ይሻላል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆነ የእሱ ጀሪካን ለብቻ ይቀመጥ። ሰንሰለቱ ከምሰሶ ይልቅ ግቢውን በሚያቋርጥ የተወጠረ ሽቦ ላይ እንዲንሸራተት ከተደረገ አይጠመጠምም። እኔ ከነብሮ በኋላ ነው የገባኝ።

«ያነክሳል፣ እግሩን ይልሳል»

አስፋልቱ ወይም ኮብልስቶኑ አቃጥሎት ነው። የእጃችሁን ጀርባ መንገዱ ላይ ሰባት ሰከንድ ማቆየት ካልቻላችሁ እሱም አይችልም። በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ እጠቡለት፤ ከተላጠ ወይም ውሃ ከቋጠረ ሐኪም ይየው። ከጠዋቱ አራት እስከ ከሰዓት አሥር ሰዓት ሽርሽር የለም። መኪና ውስጥ ዘግቶ መተውም እንዲሁ፦ ውጭው 24 ዲግሪ ሲሆን የተዘጋ መኪና በ10 ደቂቃ 34፣ በግማሽ ሰዓት 43 ገደማ ይደርሳል። መስኮቱን ገርበብ ማድረግ ብዙም አይለውጠውም።

«የጆሮው ጫፍ ደምቶ ጠቁሯል»

ዝንብ ነው። በተለይ ጆሮው የቆመውን፣ ጀርመን ሸፐርድን፣ ጫፉን እየነከሰ ደሙን ይጠጣል። ለብ ባለ የጨው ውሃ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ቫዝሊን ወፈር አድርጋችሁ ቀቡት። ናፍጣና የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚቀቡ አሉ፤ ቆዳውን ያቃጥላል፣ ልሶት ደግሞ ይመረዛል። የዝንቡ ምንጭ ብዙ ጊዜ አጠገብ ያለ የከብት እበት ነው፤ ጎረቤት ኩበት የሚያደርቅ ከሆነ ተነጋግሮ የውሻውን ቦታ ማራቅ ይቀላል። ቁስሉ ውስጥ ትል ካያችሁ ቤት ውስጥ አትሞክሩት፣ ወደ ሐኪም።

«ያስታውከዋል፣ ሽንቱ ጠቁሯል»

ሙቀቱ የሚበረታው ከዐቢይ ጾም ጋር ነው። ሥጋ ቤቱ ተዘግቶ አጥንት ይጠፋል፣ ውሻው ለ55 ቀን የሽሮ ፍትፍት ይወርድበታል። ሽሮው ውስጥ ያለው ቀይና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፤ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ከቀናት በኋላም ሊሆን ይችላል። ይህ ሲታይ ፈጥኖ ሐኪም ነው። ለእሱ ሽንኩርት ሳይገባ ሩዝ ወይም ገንፎ ለብቻ ይሠራለት፣ እንቁላል ቢጨመርበት መልካም ነው። ፀሐይ ላይ የዋለውንም ትርፍራፊ ማታ አታቅርቡለት።

«ጠዋት ይንቀጠቀጣል»

ማታ አጥባችሁታል። ሱሉልታም እኛም ጋ ቀን ያቃጠለው ሌሊት ያንዘፈዝፋል። ማርጠብ ካስፈለገ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ይሁን፣ ከመጨለሙ በፊት ፀጉሩ ይድረቅ፤ ቀን የነከራችሁትን ጆንያ አውጥታችሁ ደረቅ ገለባ አንጥፉለት።