ዕጣው በዕቃው ላይ ወይስ በተራው ላይ? የማይከፋፈሉ ዕቃዎችን ስለ ማደላደል

ገንዘብ ይቈጠራል፣ መሬትም ይለካል፤ አንድ የሥራ ክፍል፣ አንድ መኪና ወይም ከወላጅ የቀረ አንድ የግድግዳ ሰዓት ግን ለሁለት ቢሰነጠቅ ለማንም አይጠቅምም። እንዲህ ያለውን ነገር የማደላደል ኃላፊነት የወደቀበት ሰው አዳላ እንዳይባል በመፍራት ብዙ ጊዜ ዕቃዎቹን በዕጣ ያከፋፍላል። ዕጣ መጣሉ ተገቢ ነው፤ ስሕተቱ ዕጣው በዕቃዎቹ ላይ መውጣቱ ነው።

ሦስት ሠራተኞች ሦስት ክፍሎችን ይካፈላሉ እንበል። አንደኛው ክፍል ሰፊ መስኮት አለው፣ ሁለተኛው ጸጥ ያለ ነው፣ ሦስተኛው ለመግቢያው በር ይቀርባል። ሒሳብ ሠራተኛዋ ባለ መስኮቱን፣ እርሱ ካልተገኘ ለበሩ የሚቀርበውን ትመርጣለች፤ መሐንዲሱ ከሁሉ አስቀድሞ ጸጥታ ይፈልጋል፤ ጸሐፊዋ ደግሞ ባለ መስኮቱን፣ ቀጥሎም ጸጥ ያለውን ትሻለች። ክፍሎቹ በዕጣ ሲወጡ ባለ መስኮቱ ለመሐንዲሱ፣ ጸጥ ያለው ለሒሳብ ሠራተኛዋ ሊደርስ ይችላል። ያን ጊዜ ሁለቱ ቢለዋወጡ ሁለቱም ይጠቀማሉ፣ ጸሐፊዋም አንዳች አይጎድልባትም፤ ዕጣው ለማንም ሳያዳላ ሁለቱንም ጎድቷቸዋል ማለት ነው። ማንንም ሳይጎዳ ሌላውን የሚጠቅም ልውውጥ ገና የሚቻልበት ድልድል ብክነት አለበት።

ስለዚህ ዕጣውን በተራው ላይ ይጣሉ። የየሰዉን ስም እኩል በተቀደዱ ወረቀቶች ላይ ጽፈው ያጥፉ፣ ሁሉም እያዩ ይደባልቁ፣ በጉዳዩ ድርሻ የሌለው ሰው ያውጣ፤ ቅደም ተከተሉም ማንም መምረጥ ከመጀመሩ በፊት ይመዝገብ። ከዚያ እያንዳንዱ በተራው ከቀሩት ውስጥ የሚወደውን ያነሣል። ጸሐፊዋ፣ ሒሳብ ሠራተኛዋ፣ መሐንዲሱ በሚል ቅደም ተከተል ቢወጣ፣ ጸሐፊዋ ባለ መስኮቱን፣ ሒሳብ ሠራተኛዋ ለበሩ የሚቀርበውን፣ መሐንዲሱ ጸጥ ያለውን ይይዛሉ፤ ከዚህ በኋላ ሁሉንም የሚያስማማ ልውውጥ አይኖርም። መገኘት ያልቻለ ሰው ምርጫዎቹን በቅደም ተከተል ጽፎ ይተው፤ በተራው የሚሰጠው ከቀሩት ውስጥ በዝርዝሩ ቀዳሚው ስለሆነ፣ ምርጫውን አዛብቶ በመጻፍ የሚያተርፈው ነገር የለም። ይህንንም አስቀድመው ይንገሩት።

አንድ ነገር አጥብቄ አስጠነቅቃለሁ። ዝርዝሮቹን ሰብስቦ «በተቻለ መጠን ብዙ ሰው አንደኛ ምርጫውን ያግኝ» ማለት መልካም ይመስላል፤ ነገር ግን በዚህ አሠራር ብዙዎች የሚሻሙበትን ነገር በእውነት አንደኛ ብሎ የጻፈና ያላገኘው ሰው፣ ሁለተኛ ምርጫውንም አንደኛ ብሎ ለጻፈ ሰው ይለቃል። እውነቱን የተናገረው የሚጎዳበትን ደንብ ፍትሐዊ ለማለት አልደፍርም።

ሰዎቹ አስቀድመው የየራሳቸው ዕቃ ካላቸውና ለመለዋወጥ ብቻ ከተሰበሰቡ ዕጣ አያስፈልግም። የሒሳብ ሊቁ ሎይድ ሻፕሊና የኢኮኖሚ ሊቁ ኸርበርት ስካርፍ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጥናት ያቀረቡትና መነሻ ሐሳቡ የሒሳብ ሊቁ የዴቪድ ጌል የሆነው ዘዴ እንዲህ ይሠራል፦ እያንዳንዱ ሰው ከሁሉ የሚመኘውን ዕቃ ወደያዘው ሰው ይጠቁማል፤ የራሱን የሚመርጥም ወደ ራሱ ይጠቁማል። ጣቶቹን ተከትለው ሲሄዱ ምንጊዜም ቢያንስ አንድ ክብ ይገኛል። በክቡ ውስጥ ያሉት የጠቆሙትን ይዘው ይወጣሉ፣ የቀሩት ደግሞ ከቀረው ላይ እንደገና ይጠቁማሉ። ማንም ይዞት ከመጣው የባሰ አይደርሰውም፤ እውነተኛ ምርጫውን በመደበቅም አይጠቀምም።

ዕቃው አንድ፣ ባለ ድርሻዎቹ ብዙ ሲሆኑ፣ ለምሳሌ ሦስት ወራሾች በአንድ ቤት ላይ ሲገናኙ፣ ገንዘብ ማካካሻ ይሆናል። ፖላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ብሮኒስላው ክናስተር ባመነጨው ዘዴ እያንዳንዱ ቤቱ ለእርሱ የሚያወጣውን ዋጋ በታሸገ ወረቀት ያቀርባል። ግምቶቹ 90፣ 60 እና 30 ቢሆኑ ቤቱ 90 ላለው ይሰጣል፤ በራሱ ግምት ሲሶው 30 ስለሆነ 60 ወደ ጋራ ሣጥን ያስገባል። ሁለተኛው የግምቱን ሲሶ 20፣ ሦስተኛው 10 ይወስዳሉ፤ የተረፈው 30 ለሦስቱ እኩል ሲከፈል እያንዳንዳቸው 10 ይጨመርላቸዋል። በመጨረሻ ቤቱን የወሰደው 50 ከፍሏል፣ ሌሎቹ 30 እና 20 አግኝተዋል። ሁሉም በራሱ ሚዛን ከሲሶው በላይ ቢደርሰውም ሦስተኛው የሁለተኛውን 30 መመኘቱ አይቀርም። በዚህ ምሳሌ ያንኑ 50 ለሁለቱ 25፣ 25 ማካፈሉን እመርጣለሁ፤ ሁለቱም ከሲሶው በላይ ያገኛሉ፣ ቤቱን በ50 መግዛት የሚሻ ከመካከላቸው የለም፣ ገዢውም በ25 አይለውጠውም። በሁለቱም መንገድ ግን የሌላውን ግምት የሰማ ሰው የራሱን ሊያስተካክል ስለሚችል፣ ወረቀቶቹ በአንድ ጊዜ መከፈት አለባቸው።

ለእያንዳንዱ ብዙ ዕቃ የሚደርስ ከሆነ በዙር ያስመርጡ፦ በዕጣው ተራ ሁሉም አንድ አንድ ያነሣል፣ ከዚያም ዙሩ ይደገማል። በሁለተኛው ዙር ተራውን ከመጨረሻው ሰው መጀመር የፊተኛውን ብልጫ ያለዝባል። በተደጋጋሚው ተራ አንዱ የሌላውን ድርሻ ቢመኝ እንኳ፣ ከዚያ ድርሻ አንዲት ዕቃ ብትነሣ ምኞቱ ይጠፋል፤ ይህ ግን የአንዱ ዕቃ ዋጋ በሌላው ላይ በማይንጠለጠልበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ሳጥኑን ከቁልፉ፣ ጠረጴዛውን ከወንበሮቹ፣ ተለያይቶ የማይረባውን ሁሉ፣ መምረጥ ከመጀመሩ በፊት እንደ አንድ ዕቃ ቈጥረው ያስመዝግቡት።