ሰፈሩ ሲወደድ ነዋሪው እንዳይፈናቀል፦ ጎረቤት እንዴት ይደራጃል?

ሰፈር መወደድ ሲጀምር ያስታውቃል። ደላላ ይበዛል፣ ያረጀው ቤት ይታደሳል፣ ውል በታደሰ ቁጥር ኪራይ ይጨምራል። ከዚያ አከራዩ ተከራዮቹን ተራ በተራ ለብቻ እየጠራ ያናግራል። ጉልበቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። የመደራጀት ሥራ ማለትም ይህን «ለብቻ» ማስቀረት ነው።

መጀመሪያ ባለቤቱን እወቁ። ኪራይ የሚሰበስበው ሰው ብዙ ጊዜ ተወካይ ነው፤ ከጀርባው ድርጅት፣ ከድርጅቱ ጀርባ ደግሞ አበዳሪ ባንክ ሊኖር ይችላል። የይዞታና የንግድ ምዝገባ መዝገብ አገላብጡ። ስንት ቀን ማስጠንቀቂያ እንደሚገባችሁና የኪራይ ጭማሪ ገደብ እንዳለው የሕግ ባለሙያ ጠይቁ። ውልና ደረሰኝ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ።

ቀጥሎ በር ማንኳኳት ነው፤ ከባዱም እሱ ነው። ብዙ ሰው ይዘለውና የስልክ ግሩፕ ከፍቶ «ተደራጀን» ይላል። ግሩፕ ለቀጠሮ ማስታወሻ ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ጭቅጭቅ ነው፤ የአከራዩ ሰውም ውስጡ ገብቶ ሊያነብ ይችላል።

ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ አንዳችሁ በሰፈሩ የምትታወቁ ብትሆኑ ይመረጣል። ንግግር አታድርጉ። «ቤቱ እንዴት ይዞዎታል?» ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ። ሰውየው ኪራዩን ትቶ ስለሚያፈሰው ጣሪያ ቢያወራ ወደ ኪራይ አትጎትቱት፤ የእሱ መግቢያ ጣሪያው ነው። በደንብ ከተናገረ በኋላ፣ ሌሎቹ ጎረቤቶች ፈቅደው ከሆነ፣ «ከላይ ያሉት እማማም ይህንኑ ነግረውናል» በሉት። ፊቱ ሲለወጥ ታያላችሁ። ችግሩ የእሱ ዕድል ብቻ ይመስለው ነበር።

ሳትወጡ አንድ ሥራ ስጡት። «ከጎንዎ ያሉትን ሁለት ቤቶች ለስብሰባው እርስዎ ይዘው ይመጣሉ?» «ከጎናችሁ ነኝ» ያለ ሰው ገና አልተቆጠረም፤ ሁለቱን ቤቶች ይዞ የመጣው ነው የሚቆጠረው። ማስታወሻችሁን ከወጣችሁ በኋላ ጻፉ፤ ፊቱ ላይ ወረቀት ሲወጣ ሰው ይጠረጥራል። በዚህ ዙር መሪያችሁንም ታገኙታላችሁ። እሱ ስብሰባ ላይ ረጅም የሚናገረው አይደለም። ሰው ሲቸግረው በሩን የሚያንኳኳበት ጎረቤት ነው።

ስብሰባው አጭር ይሁን፦ አንድ አጀንዳ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ለልጆች መዋያ የሚሆን ጥግ። ስትጀምሩ ልታሸንፉት የምትችሉትን ትንሽ ነገር ምረጡ። በአሜሪካ፣ ቦስተን ከተማ የደድሊ ስትሪት ሰፈር ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 ሲደራጁ ቀድመው የዘመቱት ባዶ ቦታቸው ላይ በሚጣለው ቆሻሻ ላይ ነበር። በ1988 ግን በሰፈሩ ክፍት መሬቶችን በካሳ የማስለቀቅ ሥልጣን ከከተማው አገኙ።

ከዚያ የአከራዩ «ልቀቁና ገንዘብ ውሰዱ» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ብዙ ማኅበር የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ጥያቄው ሳይመጣ በፊት ተስማሙ፦ ማንም ከመፈረሙ በፊት ለማኅበሩ ኮሚቴ ይነግራል። ሒሳቡንም አብራችሁ ሥሩ። የሚሰጠውን ገንዘብ በሚሄድበት ቤትና በአሁኑ ቤት የወር ኪራይ ልዩነት አካፍሉት፤ ስንት ወር እንደሚያኖር ይታያል። ብዙ ጊዜ ሰው የሚደነግጠው ያኔ ነው። ቢሆንም ወስዶ የሄደውን አትስደቡ። ዕዳውን የሚያውቀው እሱ ነው፤ የተገባለትን ቃል የያዘውን ወረቀት ካሳያችሁ ደግሞ ለቀሩት ማስረጃ ይሆናል።

ኪራይ አልከፍልም ማለት የመጨረሻው መሣሪያ ነው፤ ያለ ጠበቃ አትሞክሩት። እ.ኤ.አ. በ1915፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በስኮትላንድ ግላስጎው ወንዶቹ ጦር ሜዳ እያሉ አከራዮች ኪራይ ሲጨምሩ፣ ሜሪ ባርበርና ያደራጀቻቸው ሴቶች ጭማሪውን አንከፍልም አሉ። አስለቃጅ ሲመጣ ቃጭል ይደወላል፣ ሴቶቹ ተጠራርተው ደረጃውን ይዘጋሉ፣ ዱቄትም ይወረውሩበታል። በዚያው ዓመት መጨረሻ መንግሥት ኪራዩን ጦርነቱ ሲጀመር በነበረበት ዋጋ የሚያግድ ሕግ አወጣ። ቃጭሉ የሠራው ግን ሲደወል የሚወጣ ጎረቤት ስለነበረ ነው። እናንተም በር ማንኳኳቱን ሳትጨርሱ ወደዚህ አትዝለሉ።

«አይፈርስም» ማለት ብቻ ሩቅ አያስኬድም፤ የራሳችሁን ፕላን ይዛችሁ ቅረቡ። የኒው ዮርኩ ኩፐር ስኩዌር ሰፈር ሊፈርስ ሲታቀድ፣ ነዋሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ1959 ኮሚቴ አቋቁመው በ1961 የራሳቸውን አማራጭ ፕላን አወጡ። በ1990ዎቹ ደግሞ የጋራ መሬት ማኅበር መሠረቱ። በዚህ አሠራር መሬቱ በማኅበሩ ስም ይቀመጣል፣ ነዋሪው ቤቱን ብቻ ይይዛል፤ የቤቱም መሸጫ ዋጋ ገደብ አለው። ይህን ካሰባችሁ ግን መሬት ፍለጋውን ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሩ። ዋጋው ከናረ በኋላ ማኅበሩም እንደ ማንኛውም ገዢ ነው የሚከፍለው።