እርግቦችን ስታጣምሩ

እርግብ ለማርባት ስታስቡ ከላባው ቀለም በፊት ጾታውን ተመልከቱ። እዚህ ጅማ፣ እኛ ሰፈር፣ ልጆች ላባው አምሯቸው ሦስት ወንድ ከአንድ ሴት ጋር ያስገባሉ። ያቺ ሴት እረፍት የላትም። ትርፍ ወንዶቹ ጎጆ ይወርራሉ፣ በጠቡ መሃል እንቁላል ይሰበራል። በጣም ያሳዝነኛል።

በመልክ መለየት ከባድ ነው። ጠባያቸውን እዩ። ወንዱ አንገቱን ነፍቶ፣ ጅራቱን መሬት እያስነካ፣ እየተሽከረከረ ያጉረመርማል። ሴቷም አንዳንዴ ታደርገዋለች፤ የሷ ግን አጭርና ለስለስ ያለ ነው።

ለማጣመር ሣጥኑን በሽቦ ወንፊት ለሁለት ክፈሉት። ለጥቂት ቀናት እየተያዩ ይቆዩ። ወንፊቱ ጋ ተጠጋግተው ማደር ሲጀምሩ አንሱት። ከተናከሱ መልሱት፣ አትቸኩሉ። ከተስማሙ ብዙውን ጊዜ አብረው ይዘልቃሉ። ሴቷ ሁለት እንቁላል ትጥላለች፤ 18 ቀን ገደማ ይታቀፋሉ፣ ቀን ወንዱ፣ ማታ ሴቷ።

ጎጆው ውስጥ አራት እንቁላል ካያችሁስ? ሁለቱም ሴት ሳይሆኑ አይቀሩም። ሴቶች እርስ በርስ ይጣመራሉ፣ እንቁላሉ ግን አይፈለፈልም። ጫጩት ለማይፈልግ ሰው ሁለት ሴት ጥሩ ነው። ሁለት ወንድ ከሆኑ ሰፊ ቦታና የየራሳቸው መቀመጫ ይኑራቸው።

የጅማ ዝናብ ረጅም ነው፤ እርጥበቱ ለእርግብ ክፉ ነው። ቤታቸውን ከመሬት ከፍ አድርጉ፣ የሻገተ በቆሎ አትስጡ። ለአንድ ጥንድ ደግሞ ሁለት ጎጆ አዘጋጁ፤ የመጀመሪያዎቹ ጫጩቶች ከጎጆ ሳይወጡ ሴቷ ሌላ እንቁላል ልትጥል ትችላለች።