ተሳቢው የጀልባውን ሆድ እንዳይጎዳ መደገፊያዎቹን እንዴት ማስተካከል ይቻላል?

ጀልባ ውኃ ላይ ሲሆን ክብደቱ በሆዱ ሙሉ ስፋት ላይ ይከፋፈላል። ተሳቢ ላይ ሲወጣ ግን ያ ሁሉ ክብደት በጥቂት ሮለሮች (በሚሽከረከሩ መደገፊያዎች) ወይም ጣውላዎች ላይ ያርፋል፤ የመንገዱ ጉድጓድ ደግሞ ጫናውን ያባብሰዋል። በተሳቢ የሚጓጓዝ የመዝናኛ ጀልባ ብዙውን ጊዜ ከውኃ ይልቅ ተሳቢ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚያሳልፍ፣ ሆዱ እዚያው በቆመበት ሊጣመምና ሊሰነጠቅ ይችላል።

ልዩነቱን በቁጥር እንመልከተው። 900 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጀልባ በ12 ሮለሮች ላይ ቢያርፍ እያንዳንዱ ሮለር 75 ኪሎ ግራም ይሸከማል። ሮለሩ ሆዱን የሚነካው 10 ካሬ ሴንቲ ሜትር በምታህል ቦታ ብቻ ቢሆን፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 7.5 ኪሎ ግራም ያርፋል ማለት ነው። ያው ጀልባ 3 ሜትር ርዝመትና 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባላቸው ሁለት ጣውላዎች ላይ በደንብ ቢተኛ ግን ጫናው በካሬ ሴንቲ ሜትር ወደ 0.15 ኪሎ ግራም ይወርዳል። ልዩነቱ 50 እጥፍ ነው! ሮለር ጀልባን ለማውጣትና ለማውረድ የሚያህለው የለም፤ ለወራት ለመሸከም ግን ጣውላ ይሻላል። ስለዚህ መካከለኛውን የሮለር መስመር ሳይነኩ በግራና በቀኝ ረጃጅም መደገፊያ ጣውላዎችን መጨመር የምመርጠው መፍትሔ ነው።

በመጀመሪያ ክብደቱንና ጉዳቱን ይወቁ

የጀልባውን፣ የሞተሩን፣ የባትሪውን፣ የነዳጁንና የዕቃውን ክብደት ይደምሩ። 100 ሊትር ቤንዚን ብቻውን 75 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ድምሩ ተሳቢው እንዲሸከም ከተፈቀደለት ልክ በላይ ከሆነ የመደገፊያ ለውጥ አያድነውም፤ ሌላ ተሳቢ ያስፈልጋል።

ከዚያ ሆዱን ይመርምሩ። ከሮለሮቹ በላይ ጎድጎድ ያለ ምልክት ወይም የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ካለ ጫናው በአንድ ነጥብ ላይ እንደተከማቸ ያሳያል። ረጅም ቀጥ ያለ ዘንግ ከኋላ በኩል በሆዱ ላይ በቁመት ያስደግፉና በመካከላቸው ክፍተት መኖሩን ይዩ። መደገፊያው ከጀልባው የኋላ ግድግዳ በፊት ሲያልቅ፣ የሞተሩ ክብደት ትርፉን ክፍል ወደ ታች ይጎትተውና ሆዱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። እንዲህ የተበላሸ ጀልባ በፍጥነት ሲሄድ አፍንጫውን ወደ ውኃው ይደፋል፤ ፍጥነቱም ይቀንሳል። በተሳቢዎች ላይ ካሉት ስህተቶች ሁሉ ይህ የጣውላ ማጠር እጅግ ያሳስበኛል፤ ጉዳቱ ቀስ በቀስ ስለሚመጣ ባለቤቱ የሚያስተውለው ከረፈደ በኋላ ነው።

ጠንካራውን ቦታ ይፈልጉ

የፋይበርግላስ ጀልባ በወለሉ ሥር በቁመት የተዘረጉ ተሸካሚ ወጋግራዎች አሉት። ጣውላው መቀመጥ ያለበት በእነዚህ ትክክል ሥር ነው። የወለሉን መክፈቻ አንስተው ወጋግራው ከመካከለኛው መስመር ምን ያህል እንደሚርቅ ይለኩና ልኩን በውጭ በኩል በጠመኔ ያስምሩ። መክፈቻ ከሌለ ሆዱን በእንጨት መዶሻ ቀስ እያሉ ያንኳኩ፤ ወጋግራ ባለበት ድምፁ የታፈነ፣ በሌለበት ደግሞ ባዶ ይሆናል። በአሉሚኒየም ጀልባ ላይ የብየዳው ወይም የሪቬቱ መስመር ራሱ የውስጥ አጥንቱን ያመለክታል።

መስመሩ በሆዱ ላይ ከሚገኙት ሹል ጠርዞች፣ ከጥልቀት መለኪያ መሣሪያና ከውኃ ማስገቢያ ቀዳዳዎች ጋር እንዳይጋጭ ያረጋግጡ። ከተጋጨ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ማሸሽ ይሻላል።

ጣውላውን ማዘጋጀት

5 በ10 ወይም 5 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ቀጥ ያለና ጉጥ ያልበዛበት ጣውላ ይምረጡ። በጠርዙ ቢቆም አይጎብጥም፤ ነገር ግን ሆዱን የሚነካው በ5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በሰፊው ጎኑ ቢተኛ ጫናው ይበልጥ ይሰራጫል፤ የሚያስፈልገው መያዣዎቹን ማቀራረብ ነው። ርዝመቱን ሲቆርጡ የኋላው ጫፍ ከጀልባው የኋላ ግድግዳ ጋር እኩል እንዲሆን ወይም ጥቂት እንዲያልፍ ያድርጉ።

እንዳይበሰብስ በመዳብ ውህድ የታከመ እንጨት ከአሉሚኒየም ጋር ሲነካካ ብረቱን ይበላዋል፤ ጨዋማ ውኃ ሲጨመርበት ደግሞ ይፋጠናል። ለአሉሚኒየም ጀልባ ያልታከመ፣ በተፈጥሮው መበስበስን የሚቋቋም እንጨት ይጠቀሙ።

ቡሎኖቹ የማይዝጉ ወይም በዚንክ የተለበጡ ይሁኑ፤ ራሳቸው ከጣውላው ገጽ በታች እንዲሰምጥ ጉድጓዱን በትራፓኖ ያስፉ። ከዚያ ውኃ የሚችል ሰው ሠራሽ ምንጣፍ ያልብሱትና በማይዝግ ስቴፕል ከጎንና ከሥር ይያዙት፤ በላይኛው ገጽ ላይ አንድም ስቴፕል መኖር የለበትም። በምንጣፍ ፋንታ አንሸራታች የፕላስቲክ ሽፋን የሚመርጡ አሉ። ከባድ ጀልባ ለማውረድ ያቀላል፤ ነገር ግን ጀልባው ውኃ ውስጥ ሳይገባ የዊንቹ (ጀልባውን ወደ ተሳቢው የሚጎትተው የገመድ መጠቅለያ) ገመድ ከተፈታ ተንሸራቶ መሬት ላይ ይወድቃል።

መግጠም

ለዚህ ሥራ የሚመቸው ጊዜ ጀልባው ውኃ ላይ ሆኖ ተሳቢው ባዶውን ሲቆም ነው። ካልተቻለ የተሳቢውን ጎማዎች በሽብልቅ ያግዱ፣ ጀልባውን በክሪክ ጥቂት በጥቂት ያንሱና በጠንካራ ቦታዎቹ ሥር ወፍራም እንጨቶችን ይደርድሩ፤ በጎንና በጎንም ያስደግፉት። በክሪክ ብቻ ከተያዘ ጀልባ ሥር ማንም ሰው መግባት የለበትም።

መያዣዎቹን ከተሳቢው አግዳሚ ብረቶች ጋር በU ቅርጽ በታጠፈ ቡሎን ያያይዙ። ዋናውን ሻንሲ መብሳት ያዳክመዋል፣ ውኃም ያስገባበታል። በዚንክ የተለበጠ ብረት መበየድ ደግሞ ትንፋሽን የሚመርዝ ጭስ ያወጣል፤ መከላከያ ልባሱንም ያቃጥለዋል።

የሆዱ ማዕዘን ከኋላ ወደ ፊት እየተለወጠ ስለሚሄድ በምሰሶ ላይ የሚወዛወዝ መያዣ ተመራጭ ነው፤ ጣውላው ከሆዱ ጋር ራሱን ያመቻቻል። መያዣው የማይንቀሳቀስ ከሆነ ማዕዘኑን በእያንዳንዱ መያዣ ቦታ ለየብቻ ይለኩ።

ቁመቱ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአምራቹ መመሪያ ካለ እሱ ይቀድማል። ከሌለ፣ ከባድ አከርካሪ (በሆዱ መካከል ከፊት እስከ ኋላ የሚዘረጋ ዋና አጥንት) ባለው የእንጨት ጀልባ ላይ ሸክሙን መካከለኛው መስመር ይይዛል፤ ጣውላዎቹ ሚዛን ይጠብቃሉ። በV ቅርጽ የሾለ ሆድ ባለው የፋይበርግላስ ጀልባ ላይ ግን አብዛኛውን ክብደት ጣውላዎቹ ይሸከሙ፤ ሮለሮቹ አከርካሪውን ነካ አድርገው ይምሩት። በሁለቱም ሁኔታ ሆዱ በምንም አጋጣሚ ከአግዳሚ ብረት ጋር እንዳይጋጭ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይተዉ።

ዳዶዎቹን እስከ መጨረሻ ሳያጠብቁ ጀልባውን ያሳርፉት። ከዚያ ቀጭን ወረቀት በጣውላውና በሆዱ መካከል ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሞክሩ። ወረቀቱ በቀላሉ የሚገባበት ቦታ ሸክም የለውም ማለት ነውና መያዣውን እዚያ ከፍ ያድርጉ። ወረቀቱ በየትም ሳይገባ ሲቀር ሁሉንም ያጥብቁ።

የፊት ማቆሚያና ሚዛን

ጣውላው የጀልባውን መቀመጫ ስለሚለውጥ የዊንቹን ምሰሶ ማንቀሳቀስ ሊያስፈልግ ይችላል። የኋላ ግድግዳው በጣውላዎቹ ጫፍ ላይ ሲያርፍ አፍንጫው ማቆሚያውን በትክክል መንካት አለበት። የዊንቹ ገመድ ብቻውን የጉዞ ማሰሪያ አይደለም፤ ከፊት ሰንሰለት፣ ከኋላ ሁለት ቀበቶዎች ያስፈልጋሉ። ቀበቶ ከልክ በላይ ሲወጠር ግን ሆዱን ወደ መደገፊያው ይጨፈልቀዋል።

በመጨረሻ ተሳቢው በመኪናው መንጠቆ ላይ የሚጥለውን ክብደት በሚዛን ይለኩ። ለጀልባ ተሳቢ ከጠቅላላው ክብደት ከ5 እስከ 10 በመቶ ቢሆን ይመከራል፤ ለመንጠቆው ከተፈቀደው ልክ ግን ማለፍ የለበትም። ካነሰ ተሳቢው በፍጥነት ላይ ግራና ቀኝ ይወናጨፋል። ይህ ሲሆን ጀልባውን ወደፊት ከመግፋት ይልቅ አክስሉን ወደ ኋላ ማንቀሳቀስ ይመረጣል፤ ጀልባው ወደፊት ከሄደ የኋላ ግድግዳው ከጣውላው ጫፍ ይርቃልና።

ከመጀመሪያው አጭር ጉዞ በኋላ ምንጣፉ ስለሚታመቅ ዳዶዎቹ ይላላሉ፤ ሁሉንም እንደገና ያጥብቁና የወረቀቱን ሙከራ ይድገሙ።