ዮሴፍ ጉድጓድ ውስጥ አልጮኸም ወይ? የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ ለታዳጊዎች በኮሚክ ስንሠራ

የዮሴፍን ታሪክ በኮሚክ፣ ማለትም በተከታታይ ሥዕሎች፣ ሠርቼ ለታዳጊዎች ያሳየሁ ጊዜ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ጉድጓዱ ያለበት ገጽ ላይ ቆመች። «ዝም አለ እንዴ? አልጮኸም?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ቤት ገብቼ ዘፍጥረት 37ን ደግሜ አነበብኩ። እውነቷን ነው። ወንድሞቹ ቀሚሱን ገፈው ሲጥሉት ዮሴፍ አንዲት ቃል ሲናገር አልተጻፈም። ልመናው የሚሰማው ምዕራፍ 42 ላይ ነው፤ ያውም ከራሳቸው ከወንድሞቹ አፍ። 20 ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ ግብፅ ውስጥ ጭንቅ ሲይዛቸው፣ ያኔ እየለመነን አልሰማነውም ተባባሉ።

ስለዚህ ሥራውን ከእርሳስ ሳይሆን ከንባብ ጀምሩ። የዮሴፍ ታሪክ ከምዕራፍ 37 እስከ 50 ስለሚሄድ ለመጀመሪያ ሥራ ይከብዳል። ሁለት ትዕይንት ይበቃል። ጮክ ብላችሁ አንብቡና ሰዎቹ ያደረጉትንና የተናገሩትን አስምሩ። ቀጥሎ ጽሑፉ ዝም ያለበትን ቦታ በሌላ ቀለም ምልክት አድርጉ። ሥዕል ብዙ ሥራ የሚሠራው እዚያ ላይ ነው።

ያንን ገጽ እንደገና ስሠራው ላይኛውን ሰፊ ሳጥን (አንድ ሥዕል የሚገባበትን ክፈፍ) ለወንድሞቹ ሰጠሁ። ከጣሉት በኋላ ሊበሉ ተቀመጡ ይላልና፣ ሲበሉ ሣልኳቸው። ከሥር በጠባብና ጨለማ ሳጥን ዮሴፍ ቀና ብሎ ይታያል። አፉ ተከፍቷል፤ ንግግር የሚጻፍበት ክብ ግን ባዶ ነው። ቃላቱን መጽሐፉ ስላልነገረን እኔም አልፈጠርኩለትም። ምዕራፍ 42 ላይ ስደርስ ያንኑ ሥዕል መልሼ አመጣሁትና የወንድሞቹን ኑዛዜ ከጎኑ ጻፍኩ።

እዚያው ምዕራፍ ላይ ለኮሚክ የተሠራ የሚመስል ነገር አለ። ዮሴፍ የሚያናግራቸው በአስተርጓሚ ነው፤ የሚሉትን እንደሚሰማ አያውቁም። የግብፅኛውን ንግግር በአራት ማዕዘን፣ የወንድሞቹን በክብ ጻፉት። የዮሴፍን ጆሮና ዓይን አቅርባችሁ ሣሉ። ፊቱን አዙሮ ማልቀሱን ደግሞ አንባቢው ገጹን ሲገልጥ እንዲያገኘው አድርጉ። ቃል አያስፈልገውም።

ወንድሞቹ ለምን አላወቁትም? ልጆቹ ይህን መጠየቃቸው አይቀርም። ሲሸጥ 17 ዓመቱ ነበር። ፈርዖን ፊት ከመቅረቡ በፊት እንደተላጨና ልብስ እንደለወጠም 41፥14 ይነግረናል። ስለዚህ ግብፅ ያለውን ዮሴፍ ጢም አትሣሉለት፤ ወንድሞቹን ግን ጢማም አድርጓቸው። ቀሚሱን በተመለከተ፣ የዕብራይስጡ ቃል ፍቺ ያከራክራል። አንዳንዱ ኅብረ ቀለም፣ አንዳንዱ እጀ ረጅም ብሎ ይተረጉመዋል። እኔ እጀ ረጅሙን መረጥኩ፤ እጀ ረጅም ልብስ የለበሰ ልጅ ሥራ የሚሠራ አይመስልም፣ ወንድሞቹን ያናደደውም በዓይን ይታያል።

አንድ ክብ ውስጥ ከሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር በላይ አትጨምሩ። ያዕቆብን የአራዳ ቋንቋ አታናግሩት፤ ታዳጊዎቹ ወዲያው ይነቁበታል፣ ቋንቋውም ቶሎ ያረጃል። ቀላል አማርኛ ይበቃል። በየገጹ ግርጌ ምዕራፍና ቁጥር ጻፉ፤ ከራሳችሁ የጨመራችሁትን መለየት ይችሉ ዘንድ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ እባካችሁ ምክር አትለጥፉ። 13 ገጽ አምኗችሁ የመጣ ልጅ 14ኛው ላይ ስብከት ሲያገኝ እንደተታለለ ይሰማዋል።

በእርሳስ የተሠራውን ረቂቅ ለሁለት ሦስት ታዳጊዎች ስጡና ምንም ሳታብራሩ ተቀመጡ። የት ገጽ ላይ ወደ ኋላ እንደሚመለሱ እዩ። ግራ ገብቷቸው ከሆነ ሳጥኑን አስተካክሉ። ያቺ ልጅ ምዕራፍ 42 ላይ ስትደርስ ባዶውን ክብ ፍለጋ ወደ ኋላ ገለጠች። እኔም ቀለሙን ያስገባሁት ከዚያ በኋላ ነው።