አዲስ የአተር ዝርያ እንዴት ይወጣል? ከማዳቀል እስከ ዝርያ መግለጫ

ስለ አዲስ ዝርያ ሲወራ የሁሉም ዓይን የሚያርፈው ማዳቀሉ ላይ ነው። ማዳቀሉ ግን እጅ ከለመደው የደቂቃዎች ሥራ ነው። ዓመታት የሚፈጀው ከዚያ በኋላ ያለው መምረጥና መጣል፣ የተረፈውንም ከሌላው ለይቶ መግለጽ ነው።

1. ግብዎን ያጥብቡ

"ምርታማ አተር" ማለት ብቻውን ግብ አይሆንም። ያለው ዝርያ የጎደለው ምንድን ነው? ይጋሸባል (ቆሞ መቀጠል አቅቶት ይተኛል)? ቅጠሉ ላይ አመድ የተነሰነሰ የሚመስለው ሻጋታ ያጠቃዋል? ሲደርቅ ቆባው እየተከፈተ ይረግፋል? አንድ ወይም ሁለት ጉድለት ይምረጡ። ከዚያ በሌላው ሁሉ የሚወዱትን ዝርያ አንዱ ወላጅ፣ የጎደለውን ባሕርይ የያዘውን ሌላው ወላጅ ያድርጉ።

2. ያዳቅሉ

አተር ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ተክል ነው፤ አበባው ከመከፈቱ በፊት ብናኙ ፈስሶ ያልቃል። ስለዚህ መቅደም አለብዎት። ከእናት ተክሉ ላይ የአበባው ቅጠል ከአረንጓዴው ሽፋን ጫፍ ገና ብቅ ያለበትን እንቡጥ ይያዙ። በሹል ወረንጦ ውጫዊዎቹን ቅጠሎች ገለጥ አድርገው፣ በውስጥ የተጣጠፈውን የታንኳ ቅርጽ ያለውን ክፍል በቀስታ ይሰንጥቁት። 10 ወንዴ ዘንጎች ያገኛሉ፤ 9ኙ ከሥር የተያያዙ ናቸው፣ 1ዱ ለብቻው ነው። በጫፋቸው ያሉትን የብናኝ ከረጢቶች አንድ ሳያስቀሩ ይልቀሙ። አንዱ እንኳ ፈንድቶ ቢጫ ብናኝ ካዩ እንቡጡን ይተዉት፤ "ምንም አይል" ብሎ መቀጠል የውሸት ድቅል ያተርፋል።

ከዚያ ከአባት ተክሉ አዲስ የተከፈተ አበባ ይቅጠፉ። ታንኳውን ወደ ኋላ ሲጎትቱት ፀጉራማው የሴቴ ጫፍ ብናኝ ተሸክሞ ይወጣል። ሌላ ብሩሽ አያስፈልግም፣ እሱኑ በእናቲቱ ጫፍ ላይ ይነካኩት። ቅጠሎቹን መልሰው ይሸፍኑ፣ በዚያው አንጓ ላይ ያሉትን ሌሎች አበቦች ያስወግዱ። መለያ ወረቀት ይሰሩ፦ መጀመሪያ የእናት ስም፣ ቀጥሎ የአባት፣ ከዚያ ቀኑ።

3. ድቅል መሆኑን ያረጋግጡ

ከተቻለ እናቷን ነጭ አበባ፣ አባቱን ሐምራዊ አበባ ያለው ያድርጉ። ሐምራዊው በነጩ ላይ ገዢ ስለሆነ እውነተኛው ድቅል ሁሉ ሐምራዊ ያብባል፤ ነጭ ያበበ ካለ እናቲቱ ራሷን አዳቅላለች ማለት ነው፣ ይነቀላል።

4. ትውልዶቹን ያሳልፉ

ብዙ ጠቃሚ ባሕርያት ድብቅ ናቸው፤ ገዢው ባሕርይ አብሮ ካለ አይታዩም። ለምሳሌ ንዑስ ቅጠሎች በመጠምጠሚያ ሐረግ የተተኩበት አተር እርስ በርሱ ተያይዞ ስለሚቆም መጋሸብን በደንብ ይቋቋማል። ይህ ባሕርይ በመጀመሪያው ትውልድ ላይ አይታይም፤ ጠፋ ብለው እንዳይጥሉት። በሁለተኛው ትውልድ ከአራቱ በአንዱ ገደማ ብቅ ይላል። የዘር ውርስን በአተር ያጠናው ግሪጎር ሜንዴል በ1866 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ይህንኑ ስሌት በፍሬ ቅርጽ አሳይቶታል፦ 5,474 ድቡልቡል፣ 1,850 የተጨማደደ።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ የሚደናገርበት ነገር አለ። የፍሬው ቆዳ የእናት ተክሉ አካል ነው፤ በውስጡ ያለው ክክ ግን የቀጣዩ ትውልድ ነው። ስለዚህ በአንድ ቆባ ውስጥ ቢጫና አረንጓዴ ክክ ጎን ለጎን ሊገኝ ይችላል፣ የቆዳው ቀለም ግን አንድ ነው። ምርጫ ሲያደርጉ የየትኛውን ትውልድ ባሕርይ እያዩ እንደሆነ ይወቁ።

በየትውልዱ ያልረጋው የባሕርይ ድርሻ በግማሽ ይቀንሳል፦ በሁለተኛው 50 በመቶ፣ በሦስተኛው 25፣ በስድስተኛው 3 በመቶ ገደማ። ቀላሉ መንገድ እስከዚያ ድረስ ከእያንዳንዱ ተክል አንድ አንድ ፍሬ እየያዙ መዝራት ነው። በሽታን፣ የማበቢያ ጊዜንና የተክል ቁመናን ቀደም ብለው መምረጥ ይችላሉ። ምርትን ግን ከአንድ ነጠላ ተክል ላይ አይገምቱ፤ አፈሩ እንጂ ዘሩ ላይናገር ይችላል።

5. በመደብ ያወዳድሩ

የረጉትን መስመሮች (እያንዳንዱ ከአንድ ተክል የወረደ ዘር ነው) ከታወቁ ዝርያዎች ጋር፣ በዕጣ በተደለደሉና በተደጋገሙ መደቦች፣ ከአንድ በላይ ቦታና ወቅት ይፈትኑ። ዘሩን በኪሎ አያመጣጥኑ። ፍሬው ትልቅ የሆነው መስመር በእኩል ክብደት ቢዘራ የተክሉ ቁጥር ያንሳል፣ ውድድሩም ይዛባል። በሺህ ፍሬ ክብደት አስልተው በቁጥር እኩል ያድርጉት።

6. ዝርያውን ይግለጹ

ለምዝገባ ሦስት ነገር ይጠየቃል፦ ከሌላው ልዩ መሆን፣ ተክሎቹ እርስ በርስ አንድ ዓይነት መሆን፣ ከትውልድ ትውልድ አለመለወጥ። "ረጅም፣ ውብ፣ ጠንካራ" የሚል መግለጫ ለማስታወቂያ እንጂ ለመዝገብ አይሆንም። በጣም የሚመስለውን ነባር ዝርያ አጠገቡ ዘርተው ይመዝግቡ፦ የመጀመሪያው አበባ በስንተኛው አንጓ ላይ እንደወጣ፣ በአንጓው ስንት አበባ እንዳለ፣ የአበባው ቀለም፣ የቆባው ጫፍ ሹል ወይስ ደፍጣጣ መሆኑ፣ የክኩ ቀለም፣ የፍሬው እምብርት (ከቆባው ጋር የተያያዘበት ቦታ) ጥቁር መሆን አለመሆኑ። ቁመት በዝናብና በአፈር ይዋዥቃል፣ የአንጓው ቁጥር ግን ከቁመት ይልቅ የተረጋጋ ነው። እኔ ብሆን ክርክር ቢነሳ የምመካው በአንጓው ነው።

ከመስመሩ ያፈነገጡ ተክሎችን ብናኛቸው ሳይፈስ ይንቀሉ። የተገለጸውን ዘር ናሙና በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ያኑሩ፤ ወደፊት ማመሳከሪያው እሱ ነው።

ስሙ ከሌላ የአተር ዝርያ ስም ጋር መምታታት የለበትም። የባለቤትነት ጥበቃ ካሰቡ ደግሞ ለመሸጥ አይቸኩሉ፦ በ1991 እ.ኤ.አ. የተሻሻለውን ዓለም አቀፍ የዕፅዋት ዝርያ ጥበቃ ስምምነት በሚከተሉ አገሮች፣ ማመልከቻው ከመግባቱ ከ1 ዓመት በላይ ቀድሞ በዚያው አገር በእርስዎ ፈቃድ የተሸጠ ዝርያ እንደ አዲስ አይቆጠርም።